ዝናና ሥዕለ አድኅኖ፦ የአወል እርዝቁ ሥራዎች ለጉለሌ ተመልካች



ለዚህ ዲስኩር የቀረበው ግብዣ አንድ የዘመናችን ሠዓሊ የሸማችነትን ባህልና የዝነኞችን አምልኮ እንዴት እንደሚመረምር ለጉለሌ ታዳሚ እንዲብራራ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ለዚህ የተመረጠው ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ጎንደር ተወልዶ በኒውዮርክ ብሮንክስ ያደገው አወል እርዝቁ ነው። አወል ይሥላል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ቅርጽ ይሠራል፤ ፎቶግራፎቹ ግን እንደ ሥዕል የሚቀናበሩና ከጥንታዊ ሥዕሎች ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገሩ ስለሆኑ በሠዓሊ ዓይን መመልከታቸው ሥራውን ይበልጥ ያስረዳል። የዲስኩሩ ዋና ሐሳብ ከወዲሁ ይነገር፤ አንድ ምስል ለሰው የሚሰጠው ክብር ከአቀማመጡ፣ ከተሰቀለበት ቦታና ከሚባዛበት ብዛት የሚሠራ ነው፤ የሚሠራ ነገር ከሆነ ደግሞ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል። የአወል ሥራ ይህን ማዛወር ደጋግሞ ይሞክራል።

በመጀመሪያ ሁለት ስያሜዎች መብራራት አለባቸው። የሸማችነት ባህል ሲባል ሰው ገበያ መውጣቱን ማለት አይደለም፤ በአዲሱ ገበያም ሆነ በሽሮ ሜዳ ሰው ሲገዛና ሲሸጥ ኖሯል። ስያሜው የሚያመለክተው ሰው ማንነቱንና ደረጃውን በሚገዛው ዕቃ መግለጽ የጀመረበትን፣ ዕቃውም ከሚሰጠው ጥቅም በላይ በማስታወቂያ ምስሉ የሚሸጥበትን ኑሮ ነው። የዝነኞች አምልኮ የዚሁ ባህል ሌላ ገጽ ነው፤ ድምፃዊው፣ ተዋናዩ ወይም እግር ኳስ ተጫዋቹ በሙያው ከመታወቅ አልፎ መልኩ ራሱ ሸቀጥ ይሆናል፣ አድናቂውም የዝነኛውን አለባበስ፣ የፀጉር አሠራርና አነጋገር በመግዛትና በመቅዳት ወደ እርሱ የቀረበ ይመስለዋል።

ታዳሚዎች ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ራስ በላይ የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ገብርኤል ምስል ተለጥፎ፣ በኋለኛው መስታወት ደግሞ የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ዩናይትድ ዓርማ ከተጫዋቾች ፎቶ ጋር ይታያል። ሾፌሩ ሁለቱን አያምታታም፤ አንዱን የሚለጥፈው ለጥበቃ፣ ሌላውን ለፍቅር ነው። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ወረቀት ታትመው፣ በአንድ ዓይነት ዋጋ፣ ምናልባትም ከአንድ ሻጭ እጅ የተገዙ ናቸው። በቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት ላይም ሁለት ዝነኞች ሲፎካከሩ አድናቂዎቻቸው በገንዘብ የተገዙ የጽጌረዳና የአንበሳ ምስሎችን እየላኩ ፍቅራቸውን ይገልጻሉ፣ የፍቅሩም ልክ በዚያው ቅጽበት በቁጥር ተሰልቶ በማያው ላይ ይወጣል።

ይህን ጉዳይ ለመመዘን በዚህ አገር የቆየ ጥንቁቅ መለኪያ አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለፈጣሪ ብቻ የሚገባውን የአምልኮ ስግደት ለቅዱሳንና ለሥዕላቸው ከሚቀርበው የአክብሮት ስግደት ለይታ ታስተምራለች፤ በትምህርቱ መሠረት በሥዕለ አድኅኖ፣ ማለትም ለጸሎትና ለአማላጅነት በሚከበር ቅዱስ ሥዕል ፊት የሚቀርብ ክብር በእንጨቱና በቀለሙ ላይ አይቆምም፣ ወደተሣለው ቅዱስ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለእመቤታችን ሥዕል የሚሰጠውን ክብር በሥርዓት ባጸናበት ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ ለጣና ገዳማት የእመቤታችንን ምስል ይሥል ነበር። ሥዕሉ በመጋረጃ ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ በጸሎት ሰዓት ይገለጣል፤ ተመልካቹ ከመቅረቡ በፊት ይሰግዳል። ምስሉ የሚታይበት ቦታ፣ ሰዓትና አኳኋን የክብሩ አካል ነው ማለት ነው።

ምስልን ማባዛትም የካሜራ ዘመን ብቻ ጉዳይ አይደለም። በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባው የሮማዋ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ምስል ቅጂ በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ሠዓልያን እየደጋገሙ ሲሥሉት የአገሩ ሥዕል ሆኗል፤ ዛሬም ልጇን የታቀፈች ማርያም በብዙ ሥዕሎች የምትታይበት መልክ ከዚያ ቅጂ የወረደ ነው። በገበያውም በኩል እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ብር ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ሲገበይበት የኖረ ሲሆን፣ ተቀባዩ የጌጧና የአክሊሏ ዝርዝር ካልተሟላ ብሩን ለመቀበል ያመነታ ነበር። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ሲያስቀርጹ ሕዝቡ ከለመደው ከዚህች ሴት መልክ ጋር መወዳደር ነበረባቸው። የታወቀ መልክ ዋጋ እንደሚሆን የጉለሌ አያቶች ኢንስታግራም ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብለው በመዳፋቸው ይዘው አይተውታል።

ሁለተኛው ነጥብ ለአወል መንገድ የጠረገውን አሜሪካዊ ሠዓሊ አንዲ ዋርሆልን ይመለከታል። ዋርሆል ፖፕ አርት የተባለው፣ የማስታወቂያን፣ የሸቀጥንና የጋዜጣን ምስል ወደ ሥዕል ያስገባው እንቅስቃሴ ዋና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በሎስ አንጀለስ 32 የካምቤል ሾርባ ቆርቆሮ ሥዕሎችን እንደ ሱቅ መደርደሪያ አሰልፎ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ተዋናይቷ ማሪሊን ሞንሮ ስትሞት ደግሞ ከአንድ የፊልም ማስታወቂያ ፎቶዋ ተነሥቶ ፊቷን በወርቅ ቀለም መደብ መካከል ብቻውን አተመው። ብዙ ሰዎች በዚህ ሥራ ቀልድ ብቻ ያያሉ። ዋርሆል ግን ከምሥራቅ አውሮፓ ከፈለሱ ወላጆች በፒትስበርግ ተወልዶ፣ በቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስም በምትጠራ የባይዛንታይን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን፣ በወርቅ መደብ ላይ ከተሣሉ ቅዱሳን ፊት እየቆመ ያደገ ሰው ነው። የማሪሊን የወርቅ መደብ ከዚያ የመጣ መሆኑን ለማየት የኢትዮጵያ ተመልካች ከማንም የተሻለ ዓይን አለው። ዋርሆል የቅዱሱን ቦታ ለተዋናይቷ ሰጣት፣ በዚያ ቦታ የሚቀርበው ክብር ግን ወደ ማን እንደሚያልፍ ሳይናገር ተወው።

ሦስተኛውና ሰፊው ነጥብ አወል ራሱ ነው። በኒውዮርክ ኩፐር ዩኒየን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከዚያም በዬል ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪውን በ2014 ያጠናቀቀው አወል ገና ተማሪ ሳለ በ2009 ያነሣው አንድ ፎቶግራፍ አሳወቀው። ሆላንዳዊው ቬርሜር በ1665 ገደማ የሣላት፣ የሉል ጉትቻ ያደረገች ልጃገረድ ዛሬ ከዓለም እጅግ ከሚታወቁ ፊቶች አንዷ ናት፤ በኩባያ፣ በቦርሳና በፖስተር ላይ ታትማ ትሸጣለች። አወል ያቺኑ አቀማመጥ፣ ያንኑ በትከሻ በኩል ዞሮ የሚያይ ዓይን፣ ያንኑ ጨለማ መደብ ወስዶ በቦታዋ አንዲት ጥቁር ወጣት አስቀመጠ፤ ጆሮዋ ላይ ያለው ደግሞ በብሮንክስ ሴቶች የሚዘወተር፣ የቀርከሃ አንጓ የሚመስል ትልቅ ጉትቻ ነው። እዚህ ላይ ሸቀጡ ራሱ ይናገራል። ሉሉ የሀብታም ጌጥ ነበር፣ የቀርከሃው ጉትቻ የሰፈር ጌጥ ነው፤ ምስሉ ሁለቱን በአንድ የክብር ደረጃ ላይ ያቆማቸዋል፣ ባለጌጧንም እንዲሁ።

ዓለም ሁሉ ያየው ሥራው ግን እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2017 የወጣው ነው። ድምፃዊት ቢዮንሴ መንታ ማርገዟን በኢንስታግራም ያበሰረችበትን ምስል ያነሣው አወል ነበር። ቢዮንሴ በአበባ ጉንጉን መካከል ተንበርክካ፣ ስስ መሸፈኛ ከራሷ ላይ ወርዶ፣ እጆቿ በሆዷ ላይ ሆነው ትታያለች፤ ከኋላዋ ሰማይ አለ። ምስሉ ስምንት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ6 ሚሊዮን በላይ የአድናቆት ምልክት አገኘ፣ በዚያ ወቅትም በኢንስታግራም ታሪክ እጅግ የተወደደው ፎቶግራፍ ሆነ። መሸፈኛው፣ አበባው፣ እርግዝናው፣ ተመልካቹን ቀጥ ብሎ የሚያየው ዓይን ሁሉ ከእመቤታችን ሥዕሎች የተወሰደ ቋንቋ ነው። የሜክሲኮን የጓዳሉፔ ማርያም ያስታወሱ ብዙዎች ነበሩ፤ የጎንደርን ሥዕል የሚያውቅ ሰውም የሚያስታውሰው አያጣም።

ይህን ምስል እንዴት መመዘን ይገባል? በአንድ በኩል በአውሮፓ ሥዕል ለዘመናት በአብዛኛው ነጭ ሆና በምትሣል ቅድስት ቦታ፣ በሙሉ ግርማ፣ ጥቁር እናት መቀመጧ ትልቅ ነገር ነው፤ በየዓለሙ ያሉ ጥቁር ሴቶች በምስሉ የተሰማቸው ደስታ ከዝነኛ አድናቆት የሚያልፍ ነበር። በሌላ በኩል ምስሉ የአምልኮውን አሠራር ከመመርመር ይልቅ አገለገለው ማለት ይቻላል፤ ዝነኛዋ ያዘዘችው፣ በዝነኛዋ ገጽ የወጣ፣ የዝነኛዋን ስም ያገነነ ነውና። የዚህ ዲስኩር ፍርድ ወደ ሁለተኛው ያመዝናል። ሥዕሉ ውብ ነው፣ ቅንብሩም የተዋጣ ነው፣ ነገር ግን በእርሱ ፊት የቀረበው ክብር ከቢዮንሴ አልፎ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የቢዮንሴን ምስል የሌላ ዝነኛ፣ የካይሊ ጄነር አዲስ የተወለደች ሕፃን እጅ በለጠው፤ በጥር 2019 ያንን ደግሞ አንድ ተራ የዶሮ እንቁላል ፎቶ በለጠው፤ በታኅሣሥ 2022 እግር ኳስ ተጫዋቹ ሜሲ የዓለም ዋንጫን ይዞ የታየበት ምስል እንቁላሉን አለፈው። እናት፣ ሕፃን፣ እንቁላልና ዋንጫ በአንድ መዝገብ በቁጥር ብቻ ሲሰለፉ አክብሮት ከተከባሪው ተለይቶ ባዶ ቆጠራ ይሆናል። የሥዕለ አድኅኖ ትምህርት ክብሩ ወደ ባለቤቱ ያልፋል ሲል በምስሉ ላይ ብቻ ከመቆም ሰውን ይጠብቃል።

አወል ከቢዮንሴ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የሠራው ሥራ ከዚህ እጅግ የሚከብድ ነው፣ አዲስ አበባንም በቀጥታ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ወደዚህች ከተማ መጥቶ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችን በየክፍላቸው አልጋ ላይ ፎቶግራፍ አነሣቸው፣ ስብስቡንም በከተማዋ ስም የእንግሊዝኛ ፍቺ «ኒው ፍላወር» (አዲስ አበባ) ብሎ ሰየመው፤ በ2015 በኒውዮርክ ለሕዝብ ቀርቧል። የሴቶቹ አቀማመጥ በአውሮፓ ሥዕል የተጋደመች ቬኑስ የሚባለው ነው፤ ማለትም የውበት አምላክ ተብላ በአልጋ ላይ ጋደም ያለች ሴት ለወንድ ባለሥልጣናትና ለሀብታም ገዢዎች ትሣልበት የነበረው የቆየ ልማድ ነው። የፈረንሳውያኑ የአንግር የ1814 ሥዕልና የማኔ የ1863 ኦሎምፒያ የዚህ ልማድ ታላላቅ ምሳሌዎች ናቸው። ማኔ ኦሎምፒያን ለእይታ ሲያቀርብ ፓሪስ የተቆጣችው ሴትየዋ አምላክ መስላ ሳይሆን በገላዋ የምትተዳደር የከተማዋ ሴት ሆና፣ ተመልካቹንም እንደ ደንበኛ ቀና ብላ ስላየችው ነበር። በዚያ ሥዕል ከአልጋው ኋላ አበባ ይዛ የቆመች ጥቁር አገልጋይ አለች፤ ለዘመናት ሰው ስለ ኦሎምፒያ ሲከራከር ይህችን ሴት ብዙም አላያትም። አወል ከኋላ የቆመችውን ወደ አልጋው አመጣት፤ የሥዕሉ ባለቤትም እርሷ ሆነች።

ታዳሚዎች በእነዚህ ፎቶግራፎች ፊት የሸማችነት ባህል የመጨረሻው ጫፍ ላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ የሚሸጠው ሰው ነው። ምስሎቹ ሐዘኔታን አይለምኑም፣ ሴቶቹንም ለማሳፈር አልተነሡም፤ ክፍሉ ጠባብ፣ የአልጋ ልብሱ ርካሽ ነው፣ ዓይናቸው ግን ቀጥ ብሎ ያያል፣ ተመልካቹም ሳይወድ በገዢው ቦታ ራሱን ያገኘዋል። ቢዮንሴን በአንድ ቀን ሚሊዮኖች ወደዷት፤ እነዚህን ሴቶች ከተማዋ በየማታው አልፋቸው ትሄዳለች። ሁለቱንም ያነሣቸው የአንድ ሰው እጅ ነው፣ የሰጣቸውም አቀማመጥ ከአንድ የክብር መዝገብ የወጣ ነው። አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ገበያ የሚሸጥ በመሆኑ ሴቶቹ በሌላ መልክ ለሁለተኛ ጊዜ አልተሸጡም ወይ? ይህ ጥያቄ የሠዓሊውን ቅንነት አይነካም፤ ድሃን የሚሥል ሁሉ፣ በዚህ አዳራሽ ያሉ ሠዓልያን ጭምር፣ ሊመልሰው የሚገባ ነው።

ሌሎቹን ሥራዎች በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። አወል በአንዳንድ ሥዕሎቹ ከአሜሪካ የጥፍር ማሳመሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ላይ የወሰደውን፣ ጽጌረዳ የያዘ እጅ ይደጋግማል፤ የሰፈር ሱቅ ምልክት የነበረው እጅ በትልቅ ሸራና ሰሌዳ ላይ ሲወጣ የአበርክቶ ምልክት ይመስላል። ግብፃዊቷ ነፈርቲቲ በበርሊን ሙዚየም ከተቀመጠው ጥንታዊ ሐውልቷ ተነሥታ በመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች ሁሉ እንደምትሸጥ ያየው አወል ራሷን በጭፈራ ቤት መስታወት ተሸፍና የምትሽከረከር ኳስ አድርጎ ሠርቷታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣቷን ባለቅኔ አማንዳ ጎርማንን ለታይም መጽሔት ሽፋን አነሣት፤ በዚህ ጊዜ ዝነኛዋ በመልኳ ሳይሆን በቃሏ የታወቀች መሆኗ ለምስሉ ሌላ ክብደት ሰጥቶታል። በዚያው ዓመት ደግሞ በኒውዮርክና በቺካጎ 350 የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ፣ በተለምዶ የሸቀጥና የዝነኛ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ሰሌዳ፣ ለሴት ልጁ ያበረከታቸውን 13 ፎቶግራፎች አወጣ። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ምንም የማይሸጥለት ምስል አየ። ከሥራዎቹ ሁሉ ለአዲስ አበባ በቀላሉ ሊቀዳ የሚችለው ይህኛው ነው፣ ስለዚህም የመጨረሻው ነጥብ ወደ ጉለሌ ይመለሳል።

ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ገበያ ነው። ከጋሞ ደጋ በመጡ ዶርዜ ሸማኔዎችና በልጆቻቸው እጅ ጥበቡ ይሸመናል፣ በየሱቁ በር በአሻንጉሊት ላይ ተንጠልጥሎ ለበዓል፣ ለሠርግና ለውጭ አገር ተጓዥ ይሸጣል። ዛሬ ገዢዋ ብዙ ጊዜ የምትመጣው በስልኳ ምስል ይዛ ነው፤ አንዲት ተዋናይ ወይም ድምፃዊት በበዓል ዝግጅት ወይም በሠርጓ ቀን የለበሰችውን አሳይታ እንደዚህ ይሠራልኝ ትላለች። ሸማኔው ምስሉን አይቶ ጥለቱን ይቆጥራል፣ ቀለሙን ይመርጣል፣ በጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ በእግርና በእጁ ለቀናት ይሠራዋል። ልብሱ ሲያልቅ ስሙ የሚጠራው የዝነኛዋ ነው፤ ቀጥሎ የሱቁ ባለቤት ይታወቃል፤ ሸማኔው አይታወቅም። የተወደደ ጥለት ደግሞ ብዙም ሳይቆይ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ በትንሽ ዋጋ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ሸማኔው ስሙን ብቻ ሳይሆን ገበያውንም ያጣል። ከሽሮ ሜዳ እምብዛም የማይርቁት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶችም ከዚህ የባሰ ታሪክ አላቸው፤ ጀበናቸው በየቤቱ ሲከበር እነርሱ ለዘመናት በሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል። የሸማችነት ባህል ሠሪውን ከዕቃው ለይቶ የሚጥለው በዚህ መልክ ነው፣ የዝነኛ አምልኮም በተፈጠረው ክፍት ቦታ ላይ ሌላ ፊት ያስቀምጣል።

ክብር ሊዛወር የሚችል ከሆነ በጉለሌ የሚዛወርበት ቦታ ይህ ነው። የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ከቬርሜርና ከጎንደር ሥዕል የሚማሩትን አቀማመጥ፣ ብርሃንና መደብ ለሸማኔውና ለሸክላ ሠሪዋ እንዲሰጡ፣ ሲሥሏቸውም ፈቃዳቸውን እንዲጠይቁና ስማቸውን በምስሉ ሥር እንዲጽፉ፣ ከሽያጩም ድርሻ እንዲመድቡላቸው ይህ ዲስኩር ይጠይቃል። የሽሮ ሜዳ ባለሱቆች ደግሞ በሱቃቸው ግድግዳ ላይ ከዝነኛዋ ፎቶ ጎን፣ በዚያው መጠን፣ ልብሱን የሸመነውን ሰው ምስል ከነስሙ ይስቀሉ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ገዢዎችም በሚቀጥለው በዓል ጥበብ ስትገዙ የሸማኔውን ስም ጠይቁ።